ጓሮ ለሌለው ቤት ስለሚሆን ቅመም

የቤት አያያዝ የሚመሰገነው በዕቃ ብዛት አይደለም፤ ያለውን ዕቃ ሳያባክኑ በሥራ ላይ በማዋል ነው እንጂ። ማሰሮው የተሰነጠቀ፥ የዘይቱም ጣሳ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ጕድፍ መጣል የተለመደ ነው። ነገር ግን እነዚህ የተናቁ ዕቃዎች ጓሮ ለሌለው ሰው ጓሮ ሊሆኑት ይችላሉና፥ ዛሬ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ለምሳሌ የምናነሣው በዲላ አጠገብ ያለችውን ጪጩን ነው። የጌዴኦ ገበሬ በአንድ ቍራሽ መሬት ከላይ ትልልቁን ዛፍ፥ ከመካከል እንሰትና ቡናን፥ ከታች ጎመንና ቅመምን ደራርቦ በመትከል የታወቀ ነው። የጌዴኦም መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ይሁን እንጂ መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡ ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ በዞኑ 847,434 ሰው ተገኝቷል፤ ይህም ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው የአባቱን ዓይነት ጓሮ አያገኝም። ደግሞም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፥ ጓሮውን ይዞ ሊሄድ አልቻለም። በጣሳ የተተከለ ቅጠል ግን ባለቤቱ ቤት በለወጠ ጊዜ አብሮት ይሄዳል።

የአተካከሉ ሥርዓት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ዕቃውን መምረጥ ይገባል። የዘይትና የወተት ጣሳ፥ የተሰነጠቀ ማሰሮ፥ ለሁለት የተቈረጠ ጀሪካን ሁሉ ይሆናል። የተባይ መድኃኒት፥ ቀለም ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት ግን፥ ምንም እንኳ ቢታጠብ፥ ለሚበላ ቅጠል ፈጽሞ አይሁን። ሁለተኛ፥ ጣሳውን በምስማርና በመዶሻ፥ ላስቲኩን በጋለ ምስማር ከሥሩ አራት ወይም አምስት ስፍራ መብሳት ነው፤ ውሃው መውጫ ያጣ እንደ ሆነ ሥሩ ይበሰብሳልና። አፈሩም እንዳይፈስ በቀዳዳው ላይ የገል ስባሪ ይደረጋል። ሦስተኛ፥ ሁለት እጅ አፈር፥ አንድ እጅ አሸዋ፥ አንድ እጅ ፈጽሞ የበሰበሰ ፍግ አደባልቆ መሙላት ነው። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል።

በሶብላ በዘሩ ይበቅላል። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ከቅርንጫፋቸው አንድ ስንዝር ያህል ተቈርጦ፥ የታችኛው ቅጠል ተመልምሎ ይተከላል። ናና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ጠጅ ሳርም ከነሥሩ ተገንጥሎ ይተከላል። በሶብላና ናና ውሃ ይወዳሉ፤ ጤና አዳም፥ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ግን አፈሩ ደረቅ እስኪል ይታገሣሉ። ስለዚህ ሁለቱን ወገን በአንድ ዕቃ ማኖር አይገባም። ናናም ሥሩ ጎረቤቱን ያንቃልና ብቻውን ይኑር። ጣትን አፈር ውስጥ አግብቶ እርጥበቱን ሳያዩ ውሃ ማጠጣት የብዙ ተክል ሞት ነው፤ በዝናብ ወራት ይልቁንም።

ስፍራው የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይሁን፤ የጨለመ ማዕዘን ቅጠሉን አቅጥኖ ያስረዝመዋል። በሶብላው ሳያብብ ጫፉን መቅጠፍ ቅርንጫፉን ያበዛዋል። ከአንድ ተክል ግን በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይቈረጥ።

አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ጤና አዳም በቡና ላይ እጅግ የተወደደ ቢሆንም፥ ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት አትጠጣው። ጭማቂውም በነካው ገላ ላይ ፀሐይ ቢያርፍበት ያቃጥላልና፥ የቈረጠ ሰው እጁን ይታጠብ።

ሰፊ ግቢና አትክልተኛ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። ከጓሯችሁ የምትቈርጡት አንድ ቅርንጫፍ ለሌላው ሰው የጓሮ መጀመሪያ ነው። ቡና ባፈላች ቍጥር ጤና አዳም ፍለጋ የሰው ደጅ የምትቆም ሴት፥ ከዚያ ቅርንጫፍና ከአንድ አሮጌ ጣሳ በኋላ ሰጪ ትሆናለች።