የአልፕስ በጋ የክረምቱ ተቀጥላ አይደለም
በአልፕስ ተራሮች ያሉ ብዙ የበረዶ ሸርተቴ መንደሮች ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚመጣውን እንግዳ የሚያዩት እንደ ትርፍ ገቢ ነው፤ ዋናው ሥራቸው ታኅሣሥ ላይ ተጀምሮ ሚያዝያ ላይ ያበቃል። እኔ ግን መሠረታቸው በጋው ነው፣ ወደፊት የሚያኖራቸውም እሱው ነው ባይ ነኝ። የስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ ቀድማ የታወቀችው በማዕድን ውሃዋና በበጋ አየሯ ነበር። የመንደሯ የኩልም ሆቴል ባለቤት ዮሐንስ ባድሩት እ.ኤ.አ. በ1864 እንግሊዛውያን የበጋ ደንበኞቹን በክረምትም እንዲመጡ ጋብዞ፣ ካልተደሰቱ የመንገድ ወጪያቸውን ሊከፍል ተወራረደ ይባላል። ክረምቱ ለመንደሯ እንዲህ በልመናና በውርርድ የገባ ወቅት ነው። ሌላዋን የስዊዘርላንድ መንደር ዘርማትን ዓለም ያወቃትም ኤድዋርድ ዊምፐርና ጓደኞቹ ሐምሌ 14 ቀን 1865 በአጠገቧ ያለው የማተርሆርን ተራራ ጫፍ ሲደርሱ፣ ከመካከላቸውም አራቱ ሲወርዱ ሲሞቱ ነው። ከዘርማት ወደ ጎርነርግራት ተራራ የሚወጣው ባቡር በ1898 ሲከፈትም የበጋ ባቡር ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ በጋው ራሱ በረዶ እንዲሆን ተፈለገ። በበረዶ ግግሮች ላይ የማንሻ ገመድ ተዘረጋ፤ በፈረንሳዩ ቲኝ፣ በግራንድ ሞት ግግር ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚንሸራተቱበት ዘመን ነበር። ይህ መንገድ እየተዘጋ መሆኑን 2022 በግልጽ አሳየ። የፈረንሳዩ ሌ ዱዝ አልፕ ሐምሌ ሳይጋመስ የበጋ ሸርተቴውን አቋረጠ፤ ወሩ ሲያልቅ ዘርማትም አቆመ። በ2022 እና በ2023 ብቻ የስዊዘርላንድ ግግሮች ከይዘታቸው 10 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። የቦሊቪያው የሸርተቴ ቦታ ቻካልታያ ደግሞ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖም ግግሩን በ2009 ጨርሶ ተነጠቀ። ከፍታ ብቻውን አያድንም።

በረዶው ሲነሳ ግን ተራራው ባዶ አይሆንም። የሸርተቴው መውረጃ በበጋ የከብት ግጦሽ ነው። ሣሩ ካልተጋጠ ወይም ካልታጨደ ይረዝምና በክረምት ይተኛል፤ በላዩ የተከመረው በረዶም መያዣ አጥቶ ቁልቁል ይንሸራተታል። ስለዚህ የክረምቱ ስፖርተኛ የበጋው እረኛ ባለዕዳ ነው፤ ይህን ደጋግሞ መናገር ይገባል፣ ምክንያቱም በመዝናኛ ማስታወቂያዎች ላይ እረኛው ከጌጥ አይቆጠርም። ዩኔስኮ በ2023 የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ ወቅት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ስስ አየሩም ዋጋ አለው። ፈረንሳይ በፒሬኒስ ተራሮች፣ 1,850 ሜትር ላይ በምትገኘው ፎን ሮሙ የአትሌቶች ማሠልጠኛ የሠራችው ለ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለመዘጋጀት ነበር፤ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈበት ያ ኦሊምፒክ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነበር የተካሄደው። ሸርተቴ የሚወረድባት መንደር ለሯጭም ትሆናለች ማለት ነው።

ብርቱው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የክረምት እንግዳ ለትኬት፣ ለመሣሪያ ኪራይ፣ ለአሠልጣኝ ይከፍላል፤ የበጋ ተጓዥ ጫማውን አጥብቆ በነፃ ይወጣል። እውነት ነው፤ የብዙ ሠራተኛ ኑሮ የተንጠለጠለበት ስለሆነም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ሰው ሠራሽ በረዶ ውሃም መብራትም ይፈጃል፣ ብርድ ከሌለም አይሠራም፤ ሆቴሉና ኬብል ካሩ ግን ተሠርተው ያለቁ ስለሆኑ ለበጋም ያገለግላሉ። በጋ የሚያመጣው ሕዝብ ራሱ ተራራውን ይጎዳል የሚሉም አሉ። እግር መንገድ ይሸረሽራል፤ በዶዘር የተገፋ መውረጃም በዚያ ከፍታ ሣሩን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። መልሱ ልክ ማበጀት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2011 ባወጣው ሕግ በፌዴራል ደን ውስጥ ያሉ የሸርተቴ መዝናኛዎች በበጋ የብስክሌት መንገድና በገመድ ላይ መንሸራተቻ እንዲያዘጋጁ ሲፈቅድ፣ የጎልፍ ሜዳን፣ የቴኒስ ሜዳን፣ የዋና ገንዳንና የመዝናኛ ፓርክን በስም ጠርቶ ከልክሏል።