ስለ አሮጌ ትራክተር ማጋጠሚያ ያለኝ አስተያየት

የትራክተሩ ዘይት በግፊት ሄዶ ተጎታቹን ማረሻ የሚያነሣው የሁለቱ ቱቦዎች በሚገናኙበት ማጋጠሚያ በኩል ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው ጆን ዲር 4020 የፋብሪካው የራሱ የሆነ ማጋጠሚያ ነበረው፤ ዛሬ የተለመደው ግን አይ.ኤስ.ኦ. 5675 የሚባለው ደረጃ ነው። ሁለቱ በቀጥታ አይጋጠሙም። የመጠን መመሳሰልም ብቻውን አይበቃም፤ የውስጡ ቫልቭ ካልተስማማ ዘይቱ ይታገድና የተነሣው ማረሻ አልወርድ ሊል ይችላል።

ብዙዎች ለየመሣሪያው መሸጋገሪያ መግዛትን ይመርጣሉ። እኔ ይህን አልደግፍም፤ መገናኛ በተጨመረ ቁጥር ዘይት የሚያፈስበትና አቧራ የሚገባበት በር ይጨመራልና። የሚሻለው የትራክተሩን ሴቴ ማጋጠሚያ በደረጃው ለውጦ የመሣሪያዎቹንም ጫፍ በዚያው ልክ ማድረግ ነው። ወጪው አንድ ጊዜ ነው፤ የእርሻ ወቅት ግን ካለፈ አይመለስም።