ባዶ መረብም ይታጠባል

በማለዳ ባቱ ላይ ደምበል ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ቆሮሶ የቀናውን ዓሣ አጥማጅ ገዢ ይከበዋል፤ ያልቀናው መረቡን ይዞ ብቻውን ይቀመጣል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ስምዖን ጴጥሮስና ጓደኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው አንዳች አልያዙም። ጌታ ሲመጣ ግን መረባቸው እየታጠበ ነበር።

ባለፈው ወር ብዙ የደከምኩበት ሽያጭ ሲከሽፍብኝ ይህን ክፍል ደግሜ አነበብኩት። ድሮ ዓይኔ የሚቸኩለው ወደ ብዙው ዓሣ ነበር፤ ያን ዕለት ግን እጥበቱ ላይ ቀረሁ። ምንም ያልያዘ መረብ ለምን ይታጠባል? ነገ ስላለ ነው።

እናንተም ቤት ሥራ ያጣ ወይም ፈተና ያልቀናው ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ ማመልከቻውን አብራችሁ አስተካክሉ፤ ደብተሩን ክፈቱ፤ ጸልዩ። “መረባችሁን ጣሉ” የሚለው ቃል ሲመጣ የታጠበ መረብ ያግኛችሁ።