የኔ ያሪስ፣ የእህቴ ልጅ ቪትዝና የመኪናው እገዳ

(ከጄኔቫ)

ባለፈው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የዋልኩት ዙሪክ ከተማ ዳር፣ የመኪና ማንሻ በሰዓት በሚከራይበት አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ሆኖ ነው። ስድሳን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ወገቤም የድሮው ወገብ አይደለም። በየስብሰባው «ዶክተር» እያላችሁ የምትጠሩኝ ወገኖች በዚያ ሁኔታ ብታዩኝ ኖሮ ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም። ይህን የማነሳው ግን ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። እዚያ ጎማ ስር ተቀምጬ ስታገል ከአዲስ አበባ አንድ ስልክ ተደወለልኝና፣ ሰሞኑን ስለ ነዳጅ መኪና እገዳ ከምናነበው ሁሉ የበለጠ ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

በቅድሚያ የመኪናዬን ጉዳይ ልጨርስ። የ2003 ምርት የሆነች ቶዮታ ያሪስ ናት። ስዊዘርላንድ ውስጥ መኪና ሲያረጅ በየሁለት ዓመቱ ለምርመራ ይጠራል። ደብዳቤው ይመጣል፣ ቀኑም ሰዓቱም ተቆርጧል፣ መርማሪው ከስር በመብራት ያያል። የዚህ አገር የአሮጌ መኪና ጠላት ጨው ነው። ክረምት በበረዶ ጊዜ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲውን ይበላዋል፣ የፍሬን ቱቦውን ይበላዋል፣ ብሎኑን ከብረቱ ጋር አንድ አካል ያደርገዋል። እኔን ደግሞ ከዝገቱ በላይ ያስጨነቀኝ ከፊት ጎማ የሚመጣ የማጉረምረም ድምፅ ነበር፤ ኩሽኔታው አልቋል።

ጄኔቫ ውስጥ የጠየቅኩት ጋራዥ ለአንድ ሰዓት ጉልበት 150 ፍራንክ ገደማ አለኝ። ኩሽኔታው ራሱ በኢንተርኔት 60 ፍራንክ ገደማ ነው፤ ሰኞ ያዘዝኩት ረቡዕ ደጄ ደረሰ። እንግዲህ ከዕቃው ይልቅ የሰው እጅ ነው የሚወደደው። ታዲያ ራስህ ሥራዋ እንዳትሉኝ፣ የምኖርበት ሕንፃ ግቢ ውስጥ መኪና መፍታት ክልክል ነው። እሁድ መዶሻ ማሰማትማ ጎረቤትን ሁሉ በመስኮት ያወጣል። ስለዚህ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የተማረ አንድ የቆየ ወዳጄ ወደሚኖርበት ዙሪክ፣ 280 ኪሎ ሜትር ያህል እያጉረመረመች ነዳኋት። (ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ሊደረግ የማይገባው ነገር ነበር።)

እዚያም ብሎኑ እምቢ አለ። ዘይት ረጨንበት፣ በእሳት አሞቅነው፣ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተን ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት። በመጨረሻ ሲሰበር የወዳጄ አውራ ጣትም አብሮ ተላጠ። ጎን ለጎን ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ጣሊያናዊ፣ እኛ በአማርኛ «ካቻቪቴ ስጠኝ፣ ክሪኩን ዝቅ አድርግ፣ ኩሽኔታው ይኸው» ስንባባል ሰምተው ቀና አሉና ከየት እንደመጣን በጣሊያንኛ ጠየቁን። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ እያልን ስንቆጥርላቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ ከወጣ በኋላ የጋራዡ ቋንቋ እኛ ዘንድ ቀርቷል። ፕሬስ የሚባለውን ማሽን አሠራር ያሳዩንም እሳቸው ናቸው፤ ያለ ፕሬስ ኩሽኔታ በመዶሻ መምታት አዲሱን ከመጀመሪያው ቀን ማበላሸት ነው።

ስልኩ የተደወለው ይኼኔ ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ ጥሪ ታክሲ ይሠራል። መኪናው ቪትዝ ናት። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ጃፓን ውስጥ ቪትዝ ተብላ የወጣችውና አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የተሸጠችው አንድ መኪና ናት። የሱም የኔም ያው የመጀመሪያው ትውልድ ነው። «ጋሼ፣ የፊት ጎማዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያጉረመረመ ነው» አለኝ። በእጄ የያዝኩትን አየሁና ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ የተናገረው ግን ሳቄን አጠፋው። ሶማሌ ተራ ሄዶ የጠየቁትን ዋጋ ነገረኝ። «ኦርጅናሉ የሳምንት ገቢዬን ይበላል። ሌላ ደግሞ አለ፣ እሽጉ ላይ የተጻፈው የፊደል ስህተት አለበት፣ እሱ ርካሽ ነው። ከአሮጌ መኪና የተፈታም አለ። የቱን ልግዛ?» አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ጎማ ተሳፋሪ ጭኗል፤ ቆሞ ከዋለ ቤቱ ምን እንደሚበላ አውቃለሁና ልቆጣው አቃተኝ። ሲብስበት ኩሽኔታ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ይግላል፣ ይላላል፣ ጎማው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ መጨረሻውን አልጽፈውም።

እንግዲህ ነገሩን አገላብጣችሁ እዩት። እኔ ዘንድ ጉልበት ውድ ነው፣ ዕቃ ቀላል ነው። እሱ ዘንድ ከማንኛውም የዙሪክ መካኒክ የማያንስ እጅ ያለው ሰው በየመንደሩ አለ፣ ዕቃው ነው የሌለው። ዕቃው የሚገዛው በዶላር ነዋ! እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 መንግሥት ብርን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ እስከ ዛሬም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላለም። ዕለቱን የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ ተብሎ ተጨበጨበ። ቤንዚንም በጥር 2025 በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ። የታክሲ ነጂ ገቢ በዚያ ልክ ተለቀቀ ወይ? የሚል ጥያቄ የሚያነሳ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

ለመሆኑ አገራችን የአሮጌ መኪና አገር የሆነችው በማን ጥፋት ነው? በአየር ንብረት አይደለም፤ በቀረጥ ነው። ደርግም ኢሕአዴግም የግል መኪናን እንደ ቅንጦት ዕቃ ነበር የሚያዩት። በኢሕአዴግ ዘመን ጉምሩክ ለአሮጌ መኪና የእርጅና ቅናሽ ያደርግ ስለነበር፣ ደመወዝተኛው ከዱባይና ከአውሮፓ ያለቀለትን ለቅሞ ማስገባቱ የሂሳብ እንጂ የአእምሮ ችግር አልነበረም። እዚህ ጄኔቫ አሮጌ መኪና ባቆማችሁበት መስታወት ላይ «መኪናዎን ለውጭ ገበያ እንገዛለን» የሚል ካርድ ተሰክቶ ታገኛላችሁ። የኔዋን በጥቂት መቶ ፍራንክ ይወስዷታል። ምርመራውን ያላለፈችው መኪና አፍሪካ ውስጥ ሌላ ሃያ ዓመት ትኖራለች።

እ.ኤ.አ. በ2020 አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በላይ በሆኑ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ምክንያቱ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር፦ ጭስ ለመቀነስ፣ አደጋ ለመቀነስ። ውጤቱ ግን አሮጌው እንዳይገባ እንጂ የገባው አሮጌ እንዲወጣ አላደረገም። የሚተካው ሲጠፋ ያለው ይወደዳል። የእህቴ ልጅ ቪትዙን ከገዛበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊሸጣት ይችላል፤ በየትኛው ዓለም ነው መኪና ሲያረጅ ዋጋው የሚጨምረው? ከዚያ በጥር 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሲናገሩ፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑን ሰማን። ውሳኔው ሲደርሰን ያለቀ ነበር። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን በመኪና ላይ ያዋለ ሕዝብ የት ተጠየቀ?

ሚዛን መጠበቅ አለብኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ሐሳብ በራሱ እብደት አይደለም። ነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ ሕዝቡ ከጉሮሮው ነጥቆ የሠራው የዓባይ ግድብ በመስከረም 2025 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የራሳችን ውሃ እያለን የዓረብ ቤንዚን ለምን እናቃጥላለን የሚለውን ተቃዋሚ ስለሆንኩ ብቻ አልክደውም። መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች ገብተዋል ይላል፤ ይሁን እንበል። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ግን ዛሬም መብራት የለውም። የቀሩት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎችስ? እነሱ ነገም ቤንዚንና ናፍጣ ይጠጣሉ፣ ፍሬናቸው ያልቃል፣ ኩሽኔታቸው ያጉረመርማል። ለኤሌክትሪኩ መኪና በ2022 ቫት፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ ቀርቶለት ነበር። የእህቴ ልጅ የሚገዛው ኩሽኔታ ላይ ግን ቀረጡም ቫቱም አለ። አዲስ መኪና መግዛት የሚችለው ምሕረት ተደረገለት፣ ያለውን መጠገን ያቃተው ይክፈል ማለት አይደለም?

ሌላም አለ። ስድስት ኪሎ ሳስተምር አንዲት ቮልስ ነበረችኝ። ሞተሯ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሌላት፣ በሦስት መፍቻና በአንድ ፒንሳ የምትፈታ። የቫልቩን ክፍተት ራሴ ነበር የማስተካክለው፣ መንገድ ላይ ከቆመችም የሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አስተያየት ይሰጥ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የምታዩት ቮልስዋገን አይዲ 4 ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። ወለሉ ስር ያለው ባትሪ ያልሠለጠነ ሰው ከነካው ይገድላል፤ ስሕተቱን የሚያነበው ኮምፒውተር በየመንደሩ የለም። በልምድ እጁን ያሠለጠነው መካኒክ በዚህ ጉዞ ውስጥ ቦታው የት እንደሆነ የነገረን የለም። መኪናውን ከማስገባት በፊት ወይም ቢያንስ ጎን ለጎን መካኒኩን ማሠልጠን ይቻል ነበር። ቢያንስ የፍሬን፣ የመሪና የጎማ መለዋወጫን ከቀረጥ ነፃ ማድረግ ይቻላል፣ ይህ አዲስ ግድብ አይጠይቅም። የቦሎ ምርመራውም ኩሽኔታ የሚያዳምጥ ምርመራ ቢሆን የስንቱን ሰው ሕይወት ባተረፈ! ጎማው ለሚያጉረመርም ቪትዝ ቦሎ የተለጠፈው በምን ተአምር እንደሆነ ልጁን ጠይቄው «ጋሼ፣ ተወኝ እስቲ» ብሎኛል።

የዚህ አገር ሰዎች አሮጌ መኪናን አልከለከሉም። ይመረምሩታል፣ ያለፈው ይነዳል። ጄኔቫ ከ2020 ጀምሮ አየሩ ሲበከል የትኛው መኪና መሀል ከተማ እንዳይገባ የሚለይ ተለጣፊ አውጥታለች፤ ደንቡ ምን እንደሆነ፣ ከመቼ እንደሚጀምር አስቀድሞ ተነግሮናል። ሠላሳ ዓመት የሞላትና በጥሩ ሁኔታ የተያዘች መኪና ደግሞ «የቀድሞ አርበኛ» ዓይነት ማዕረግ ተሰጥቷት ምርመራዋ በስድስት ዓመት አንዴ ይሆናል። ለአዲስ አበባ ላዳዎች ይህን ብነግራቸው ምን ይሉ ይሆን?

የኔዋ ያሪስ ምርመራውን የምትቀርበው በሚመጣው ወር ነው፤ የፍሬን ቱቦው ገና አልተነካም። ለልጁም አንድ ጥንድ ኩሽኔታ አዝዣለሁ። ኤቢኤስ ላላትና ለሌላት ቪትዝ ኩሽኔታው ስለሚለያይ፣ አሮጌው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ አደረግሁ፤ ግራሶውን ሳይጠርግ አንስቶት አንዱ ቁጥር 3 ይሁን 8 ሳልለይ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሁን ዕቃው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ቦታ ያለው ሰው እየፈለግሁ ነው። ልጁ ያንን ርካሹን እንዳይገዛ አስምዬዋለሁ፤ እስከዚያው መኪናዋን እንዲያቆማትም ለምኜዋለሁ። ትናንት ማታ ስደውልለት ግን ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማኝ ነበር።