የተከተበ ሰው ከታመመ ክትባቱ ምን ረባ?

በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ አገሮች፥ ሰው በማኅበርም ሆነ በለቅሶ ቤት በተሰበሰበ ጊዜ የኮቪድ ክትባት ነገር ሲነሣ አንድ ጥያቄ ደጋግመን ሰምተናል። ይኸውም «የተከተበውም ታመመ፤ እንግዲያስ መርፌው ምን ረባ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መልሱን ያላገኙ ልጆች አረጋውያን ወላጆቻቸውን ሳያስከትቡ እንዳይቀሩ እንፈራለንና፥ ዛሬ በዚህ ገጽ ነገሩን ልናስረዳ ወደድን።

በአገራችን ይህ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክትባት መስጠትም ልክ በዓመቱ፥ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያው ወር ሲኖፋርም የተባለው የቻይና ክትባት 300,000 መጠን ገባልን። ይህም ክትባት ከተገደለ ቫይረስ የሚሠራ ነው። ቫይረሱን ካራቡት በኋላ በመድኃኒት ይገድሉታል፤ የሞተ ስለ ሆነም በሰው ገላ ውስጥ ሊራባ አይችልም። መልኩ ግን ስለማይጠፋ ሰውነታችን አይቶ ጠላቱን ይለያል።

ቫይረስ ደግሞ ልብሱን እንደሚለዋውጥ ሽፍታ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የታወቀው ኦሚክሮን የላይ መልኩን እጅግ ስለ ለወጠ፥ በደጅ የቆመው የደማችን ዘበኛ ሳያውቀው አሳለፈው። ስለዚህ የተከተቡትም ሰዎች ታመሙ። ሆኖም ሽፍታው ልብሱን ቢለውጥም አካሄዱ አይጠፋውምና፥ በቤት ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ካልተለወጠው አካሉ ለይተው ያዙት። በዚህም ምክንያት በሽታው ብዙውን ጊዜ በጉንፋን መልክ ያልፋል እንጂ ወደ ሳንባ ዘልቆ ለሞት አያደርስም።

ለዚህም ማስረጃ አለ። ሲኖቫክ የተባለው፥ እንደ ሲኖፋርም ከተገደለ ቫይረስ የተሠራ ክትባት፥ በ2013 ዓ.ም. በቺሊ አገር ከ10 ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ላይ ተመረመረ። ከበሽታው የጠበቀው ከመቶ 66 ያህል ሲሆን፥ ሆስፒታል ከመተኛት ግን ከመቶ 87 ያህል ጠበቀ። በ2014 ዓ.ም. ኦሚክሮን ሆንግ ኮንግን በመታ ጊዜ ደግሞ፥ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ሁለት መርፌ ከጽኑ ሕመምና ከሞት ከመቶ 70 ያህል ጠበቃቸው፤ ሦስተኛውን የጨመሩትን ግን ከመቶ ከ95 በላይ ጠበቃቸው። በዚያ ወራት ከሞቱት የሚበዙት ክትባታቸውን ያልፈጸሙ አረጋውያን ነበሩ።

እንግዲህ የሦስተኛው መርፌ ጥቅም ይበልጥ ለሽማግሌና ለባልቴት መሆኑን ልብ እንበል። የዓለም የጤና ድርጅት የአደጋውን ዐዋጅ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ቢያነሣም፥ ቫይረሱ ከምድር አልጠፋም። ስለዚህ ወላጆቻችንን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን ስንት ጊዜ እንደ ተከተቡ እንንገር፤ የሚጨምሩትም ካለ እንጠይቅላቸው። የሚያስለው ሰው ከአልጋቸው ይራቅ፤ በክረምትም ቢሆን መስኮቱ ጥቂት ይከፈት። ትንፋሽ ያጠራቸው እንደ ሆነ፥ «ብርድ ነው፤ ያልፋል» ብለን ሳንዘገይ ወደ ሆስፒታል እናድርሳቸው።

ክትባት ጋሻ ነው እንጂ ግንብ አይደለም። ጋሻ የያዘ ሰው ድንጋይ ሊነካው ይችላል፤ ጋሻውን የጣለ ግን ጦሩን በደረቱ ይቀበላል።