ጥገናና ትዕግሥት

የኒውዚላንዱ በርት ሙንሮ እ.ኤ.አ. በ1920 የገዛው ኢንዲያን ስካውት ሞተር ብስክሌት ሲገዛ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ አይሮጥም ነበር። እርሱ ግን አሮጌ ጣሳን ቅርጽ ማውጫ አድርጎ፣ ብረት አቅልጦ ፒስተን እየሠራ፣ ዐርባ ዓመታት ያህል አሻሻለው። የተሰባበሩትንም ክፍሎች ሳይጥል በመደርደሪያ ላይ ያኖራቸው ነበር። በ1962 ሞተሩን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በዩታ በሚገኘው የቦነቪል የጨው ሜዳም በ63 ዓመቱ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ሮጦ ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ1967 ደግሞ ወደ 295 አደረሰው። በ2005 የወጣው ፊልም የተጎታቹ ጎማ በመንገድ ሲወልቅ በዛፍ ቅርንጫፍ ተክቶ ጉዞውን ሲቀጥል ያሳያል።

የብዙ ስደተኞች መኖሪያ በሆነችው በጅሊብ አል ሹዩኽም በሞተር ብስክሌት ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ወንድሞች አሉን። ባለው ነገር አብቃቅቶ መጠገን የስደተኛ ጥበብ ነውና አናቃልለውም። ነገር ግን ሙንሮ ያን ፍጥነት የሞከረው ወና በሆነ የጨው ሜዳ ነው፤ በከተማው ጎዳና ግን ከፊታችንም ከኋላችንም ሰው አለ። መስተዋት በሽቦ ቢታሰር፣ መቀመጫ በክር ቢሰፋ አንነቅፍም፤ ፍሬንና ጎማ ግን በዘዴ አይታለፉም። በኩዌት የበጋ ሙቀት ነፋሱ የጎደለ ጎማ ፈጥኖ ይፈነዳልና፣ ወንድሞች ሆይ፣ ከመውጣታችሁ አስቀድማችሁ ሁለቱን መርምሩ። ከሙንሮ ትዕግሥቱን እንውሰድ። የዘገየ እራት ዳግመኛ ይሞቃል፤ ያለፈች ነፍስ ግን በጥገና አትመለስም።