ሞሪሷን ለእርድ አልሰጥም

ሶማሌ ተራ አሮጌ መኪና ይዞ የገባ ሰው ገና ከመሪው ሳይወርድ ዋጋ ይጠራለታል። ሞተሩ ለአንዱ፣ በሩ ለሌላው፣ የተረፈው ላሜራ ለምናለሽ ተራ። በሥራው ነውር አላይበትም፤ በከተማችን ስንቱ መኪና ቆሞ የሚሄደው በነዚህ ሰዎች ብርታት ነው። እኔ የምከራከረው በጣት ለሚቆጠሩት የድሮ መኪኖች ነው። ሕግ እንደ ቁራሌ ዕቃ ማየቱን ትቶ በቅርስነት ይመዝግባቸው።

መርካቶ የብረታ ብረት ሱቅ አለኝ። መኪናዬ ሞሪስ ማይነር ናት፤ አንድ ጡረተኛ መምህር ሲያርፉ ከልጆቻቸው የገዛኋት። አሌክ ኢሲጎኒስ ነድፏት በ1941 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለሕዝብ የታየች፣ ከእንግሊዝ መኪኖች አንድ ሚሊዮን በመሠራት የመጀመሪያዋ ናት። ዝነኛዋን ሚኒንም ኋላ የነደፈው ይኸው ሰው ነው።

የእንግሊዝ መኪና ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪናውን ከጅቡቲ አንሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. ከተማችን ሲገባ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ተሳፍረውባታል። የኔዋ ሞሪስ መሪ በቀኝ በኩል ነው፤ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ አገራችን በግራ ትነዳ ስለነበር ያኔ ትክክለኛ ቦታው እዚያ ነበር። ዛሬ ከፊቴ የጭነት መኪና ሲገጥመኝ፣ በግራዬ የተቀመጠ ሰው ካላየልኝ ለመቅደም አልሞክርም። ያንን የታሪክ ምዕራፍ ከመጽሐፍ ያነበበ ብዙ ነው፤ እጁን ዘርግቶ ሊነካው የሚችለው ግን እንዲህ ያለ መኪና ሲተርፍ ነው።

ሞተሯ 948 ሲሲ ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቷ አንድ አምስተኛውን ያህል ታጣለች። ካርቡራተሯም ለባሕር ጠረፍ አገር ስለተቃኘ ነዳጅ አብዝቶ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ለኛ አገር ማስተካከል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ባትሪው ደግሞ ከዛሬዎቹ በተቃራኒ ፖዘቲቩ ነው ከቦዲው ጋር የሚታሰረው። ይህን ያላወቀ ኤሌትራውቶ በለመደው መንገድ ካሰረው ጉዳት ያደርሳል።

ቡሎኖቿ በኢንች የተለኩ ናቸው። የግማሽ ኢንች ዳዶ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ13 መፍቻ ሲገባበት የያዘ ይመስላል፣ ጠበቅ አድርጎ ለፈታ ሰው ግን ተንሸራቶ ማዕዘኑን ይበላዋል። ብረት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህቺን ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር አክብሬ የኢንች መፍቻ እስካገኝ ዳዶዎቹን አልነካሁም። የፊት ጎማውን ከታች የሚይዘው ጥርስ ያለው ብረትም አለ። ግራሶ ካልጠጣ ይበላና ጎማው ከሥር ይከዳል። የአንዱ ጎን ጥርስ ወደ ቀኝ ሲዞር የሌላው ወደ ግራ ነው። ይህን ያለ ንድፍ፣ የተበላውን ናሙና ብቻ አይቶ በቶርኖ ያወጣልኝ ሰው መርካቶ ውስጥ ነው ያለው።

ትልቁ ሥራ የላሜራው ነበር። ማይነር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ክብደቷን የሚሸከመው ራሱ ቦዲው ነው። ከበሮቹ ሥር ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ ነበር፤ እሱን በሁለቱም ጎን በአንዴ ቢቆርጡት መኪናዋ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች፣ ከዚያ በኋላ በር አይገጥምም። ሥራውን የያዙት ሽማግሌ ባትላሜራ መጀመሪያ በበሩ ክፍተት ላይ ብረት አጋድመው በየዱ፣ በሜትር ለኩ፣ ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ቆረጡ።

«ጋሼ፣ ወለሉን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ላሜራ ብንቀይረው አይሻልም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ የተበላውን ብቻ እንቁረጥ፤ ደህናውን ምን በደለን?» አሉኝ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተለፋ በኋላ አንድ የምርመራ ጣቢያ ለቦሎ ስሄድ «ያረጀች ናትና ለምን አትሸጣትም?» ተባልኩ። የቀረበልኝ ቅጽ ለትናንት መኪናም ለሷም አንድ ነው። እንግሊዝ አገር አርባ ዓመት የሞላውና ይዘቱ ያልተለወጠ መኪና ከመንገድ ግብርም ከዓመታዊ ምርመራም ነፃ ነው። ጀርመን ሠላሳ ዓመት ለሞላው፣ ይዘቱ ለተጠበቀ መኪና ልዩ ታርጋ ትሰጣለች። ምርመራውን በመተው ከእንግሊዞች ጋር አልስማማም፤ ፍሬን ፍሬን ነው፣ በየዓመቱ ይታይ። ነገር ግን መኪናዋ በተሠራችበት ዘመን መለኪያ ትመዘን።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ለከተማው አየር ሲባል እደግፈዋለሁ። ውጤቱን ግን እንመልከት፦ አሁን በየግቢው ሸራ ለብሰው የቆሙት ቮልሶች፣ ፊያቶችና ሞሪሶች ካለቁ የሚተካቸው የለም። የባትላሜራው ሽማግሌ ሙያም ከነሱ ጋር ነው የሚያልቀው፤ በጋራዣቸው ከሥራቸው የሚማር አንድም ወጣት አላየሁም።

የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ለነዚህ መኪኖች ልዩ ታርጋ ያውጡ፤ በዓመት የሚሄዱበትን ኪሎ ሜትር ቢወስኑብን እንኳ እንቀበላለን። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ተማሪዎቻቸውን ለልምምድ ወደነዚህ ጋራዦች ይላኩ። ሞሪሷንም የኢንች መፍቻዎቼንም ለመማሪያ እሰጣለሁ፤ የግራው ጎን ላሜራ ገና አልተቆረጠም፣ ሥራ አለ።